ፍሪጃችን ውስጥ ያለው መርፌ

ሄሞፊሊያ ላለበት ልጅ ቤት ውስጥ መርፌ መስጠት የጀግንነት ጉዳይ ይመስለን ነበር። ከአንድ የጨለማ ሌሊትና ከሁለት የተበላሹ ብልቃጦች በኋላ ግን ከድፍረት ይልቅ ሥርዓት እንደሚፈልግ ተምረናል።

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ይህ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ዜና አይደለም፤ ሻማ ይለኮሳል፣ የስልክ ባትሪ ይቆጠባል፣ ልጆች በጊዜ ይተኛሉ። እኛ ቤት ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «መድኃኒቱስ?» የሚል ነው።

የዚያን ዕለት መሥሪያ ቤቴ የአዲስ ምርት ማስተዋወቂያ ስለነበረው አምሽቻለሁ። ባለቤቴም ለሥራ ሐዋሳ ነበር። ቤት ከልጄ ጋር የነበረችው እናቴ ናት። አራት ሰዓት ላይ ስገባ በሻማ ብርሃን ተቀበለችኝና «መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ቦታ አድርጌዋለሁ፣ አታስቢ» አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር «ተባረኪ እማዬ» ብዬ ተኛሁ።

መብራት የመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ካርቶኑ ከመደርደሪያው ላይ የለም። እናቴ ፍሪጁ ሥራ ሲያቆም ካርቶኑን አንስታ፣ በረዶው ገና ወዳልሟሟበት ወደ ፍሪዘሩ አስገብታዋለች። የልጄ የአንድ ወር መድኃኒት፣ ሁለቱም ብልቃጦች፣ በረዶ ሆነው አገኘኋቸው።

ለሕክምና ክትትሉ ነርስ ደወልኩ። «ቢሟሟስ ሲስተር?»

«ቢሟሟም አይሆንም የኔ እህት። አንዴ በረዶ ከሠራ አይሰጥም። ብልቃጦቹን ከነካርቶናቸው ይዘሽ ነይ፣ እንመዘግባቸዋለን። መብራቱ ግን ለስንት ሰዓት ነበር የጠፋው?»

«ስድስት ሰዓት ያህል።»

«እዚያው መደርደሪያው ላይ ቢተው እኮ ምንም አይሆንም ነበር።»

ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። እናቴ ሰማች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በሙያችን አንድ መልእክት በተሳሳተ መንገድ ከተወሰደ መጀመሪያ የሚመረመረው መልእክቱ እንጂ ሰሚው አይደለም። እናቴን ያሳሳታት ግዴለሽነት ሳይሆን የልጅ ልጇ ፍቅር ነው። እኔ ግን «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» አልኳት እንጂ ምን ያህል ቀዝቃዛ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምንስ ሲሆን እንደሚበላሽ አልነገርኳትም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሄሞፊሊያ ላለበት ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ኢንሱሊንም ሆነ ሌላ መርፌ ፍሪጁ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ቤት ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሐኪማችሁን ምክር ግን አይተካም፤ እዚህ የምጠቅሰው መጠንም የልጄ እንጂ የማንም ሌላ ልጅ አይደለም።

አልቆም ያለው ደም

የልጄን በሽታ የጠቆመን ግርዛቱ ነው። በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ እስከ ማታ ደሙ አልቆመም። ጨርቅ ስንቀይር፣ ሲቆም መልሶ ሲጀምር ሌሊቱ ነጋ። በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰድነውና በመከራ ቆመ። ያኔ «የገራዡ እጅ ነው» ተባለ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላውና መሮጥ ሲጀምር ግን ሰውነቱ ያለ ምክንያት ይበልዝ፣ ጉልበቱ ያብጥና ይግል ጀመር። በመጨረሻ በተደረገለት ምርመራ ፋክተር 8 የተባለው የደም አርጊ ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ይባላል።

ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ በፍጥነት አይደማም፤ ለረጅም ጊዜ ነው የሚደማው። ጣት ላይ የደረሰ ትንሽ ጭረት ብዙ አያሰጋም። የሚያሰጋው የማይታየው ነው፤ ጉልበት፣ ክርንና ቁርጭምጭሚት ውስጥ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም። አንድ መገጣጠሚያ ደጋግሞ ሲደማ ውሎ አድሮ ይጎዳል፤ ልጁም ለዘለቄታው ሊያነክስ ይችላል።

ሄሞፊሊያ ኤ ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይከሰታል። ጉድለቱ ያለው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እናት ትሸከመዋለች፣ ወንድ ልጅ ይታመምበታል። ተሸካሚ እናት በምትወልደው በእያንዳንዱ ወንድ ልጅ ላይ በሽታው የመገኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅም በዚያው ዕድል ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች። በቤተሰብ ስብሰባ ላይ «ከማን ወገን የመጣ ነው?» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። መልሴ አንድ ነው፦ ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት በሽታው ታይቶ አያውቅም፤ ለውጡ አዲስ ነው። ማንንም የምንወቅስበት ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በቤተሰባችሁ ውስጥ ሲገረዝ ወይም ጥርስ ሲነቀል ደሙ አልቆም ያለ ወንድ ካለ፣ የሚወለደው ልጅ ከመገረዙ በፊት ይመርመር። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ በባህላዊ መንገድ ማስወጣት ለማንም ሕፃን አይመከርም፤ ሄሞፊሊያ ላለበት ደግሞ ሕይወት ያሳጣል።

በደም ሥር ሳይሆን ከቆዳ ሥር

ለብዙ ዓመታት የሄሞፊሊያ ኤ ዋና ሕክምና የጎደለውን ፋክተር 8 በደም ሥር መስጠት ነበር። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ግማሹ በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ መድማትን አስቀድሞ ለመከላከል በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሕፃን ደም ሥር ፈልጎ መውጋት ግድ ይላል። እኛ ግን ለመከላከያ የሚበቃ አልነበረንም። ልጃችን ሲደማ ይዘነው እንሮጥ ነበር።

አሁን የሚወስደው መድኃኒት ኤሚሲዙማብ ይባላል፤ የንግድ ስሙ ሄምሊብራ ነው። በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ፋክተር 8 መውሰድ ሰውነታቸው ለተቃወመባቸው ታማሚዎች ሲሆን በ2018 ለሌሎቹም ተፈቅዷል። ፋክተር 8 ደም በሚረጋበት ሂደት ውስጥ ፋክተር 9ን እና ፋክተር 10ን እንደ ድልድይ ያገናኛል። ኤሚሲዙማብ ፋክተር 8 አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ እጁ አንዱን፣ በሌላው እጁ ሌላውን ይዞ ያንኑ የማገናኘት ሥራ ይሠራል። የሚሠራው ለሄሞፊሊያ ኤ ብቻ ነው። ፋክተር 9 ለጎደላቸው፣ ማለትም ሄሞፊሊያ ቢ ላለባቸው፣ አይሆንም።

ትልቁ እፎይታ አሰጣጡ ነው። ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ይወጋል፤ መጀመሪያ ለአራት ሳምንታት በየሳምንቱ፣ ከዚያ ሐኪሙ እንደመረጠው በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ። ልጄ 20 ኪሎ ሲመዝን የታዘዘለት በየሁለት ሳምንቱ 60 ሚሊግራም ነበር።

ይህን መድኃኒት በደመወዛችን የምንገዛው አይደለም። እኛ ጋ የደረሰው በልገሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተውና መቀመጫው ካናዳ ሞንትሪያል የሆነው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን አቅም ለሌላቸው አገሮች ታማሚዎች የተለገሱ ፋክተሮችንና ኤሚሲዙማብን ያደርሳል። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ሲበላሽ የሚባክነው የእኛ ብቻ አይደለም፤ ለሌላ እናት ልጅ ሊደርስ ይችል የነበረ ነው።

ቀዝቃዛ ማለት ስንት ነው?

መልሱ በካርቶኑ ላይ ተጽፏል፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ይህ የፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ነው። በሩ ላይ አናስቀምጠውም፤ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይለዋወጣል። ከኋለኛው ግድግዳ ጋርም አናስጠጋውም፤ እዚያ በረዶ ሊይዘው ይችላል። ከካርቶኑ አናወጣውም፤ ብርሃን ይጎዳዋል። አንናጠውም። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ በፍጹም አይገባም።

እናቴ ያላወቀችው፣ እኔም ያልነገርኳት ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ከፍሪጅ ውጭ መቆየትና ተመልሶ ፍሪጅ መግባት ይችላል፤ ከፍሪጅ ውጭ የቆየባቸው ጊዜያት ሁሉ ሲደመሩ ግን ከ7 ቀን መብለጥ የለባቸውም። በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ለስድስት ሰዓት መብራት ቢጠፋ መድኃኒቱ አይጎዳም ነበር። የጎዳው በረዶው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አደረግን። ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝተን መደርደሪያው ላይ ካርቶኑ አጠገብ አስቀመጥን። ካርቶኑ ላይ ወረቀት ለጥፈን ከፍሪጅ ውጭ የቆየበትን ሰዓት እንጽፋለን። ከሆስፒታል ስናመጣም በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዘን እንመጣለን፤ የበረዶው ጥቅል ብልቃጡን እንዳይነካው በፎጣ እንጠቀልለዋለን። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ለደቂቃም ቢሆን፣ አንተወውም። ድሬዳዋ ወይም ሌላ ሞቃት ከተማ ስንሄድ «ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል» የሚለው ሕግ እንደማያድነን እናውቃለን፤ እዚያ ቀኑ በቀላሉ ከ30 ዲግሪ ያልፋል።

ትንሹ ፈሳሽ፣ ትልቁ መጠን

በረዶ የሠሩት ብልቃጦች ሌላ ትምህርት አስከትለው መጡ። ልጃችን ቅዳሜ መወጋት ነበረበት፤ ምትክ የተገኘው ሰኞ ነው። ሲስተር ያመለጠ መርፌ ቀጣዩ ቀጠሮ ቀን ከመድረሱ በፊት ቶሎ እንደሚሰጥ፣ ከዚያ በቀድሞው ቀን እንደሚቀጠል ነገረችን። ለማካካስ ተብሎ ግን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አይሰጥም።

የተገኘው ምትክ የለመድነው ባለ 60 ሚሊግራም ብልቃጥ አልነበረም። ባለ 30 ሚሊግራም ሁለት ብልቃጥ ነው። እኔ የማውቀው መስመር ሲሪንጁ ላይ ያለው 0.4 ነበር፤ ለወራት ዓይኔ የለመደው እሱን ነው። ሰኞ ማታ አንደኛውን ብልቃጥ ይዤ «እስከ 0.4 ነው» ስል ባለቤቴ ወረቀቱን ሲያነብ «ቆይ» አለኝ።

ባለ 60 ሚሊግራሙ ብልቃጥ 0.4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው። ባለ 30 ሚሊግራሙ ግን 1 ሚሊ ሊትር ነው። ብዙ ፈሳሽ ያለው ብልቃጥ የያዘው መድኃኒት ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ቀጭን ነው። ከአዲሱ ብልቃጥ በለመድኩት መስመር 0.4 ቀድቼ ቢሆን ኖሮ ልጄ ያገኝ የነበረው 12 ሚሊግራም፣ ማለትም የሚገባውን አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ተጠብቋል ብዬ ኳስ እንዲጫወት እፈቅድለት ነበር።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ «ስንት መስመር» የሚል ቃል ቀርቷል። ሁልጊዜ ሦስት ቁጥር ጮክ ብለን እናነባለን፦ ሐኪሙ ያዘዘው ሚሊግራም፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ሚሊግራም፣ የሚቀዳው ሚሊ ሊትር። አንዳችን እናነባለን፣ ሌላችን እናረጋግጣለን። አንዱ ቁጥር ከተለወጠ ከመውጋታችን በፊት እንደውላለን።

ከዚህ ጋር የሚያያዙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ውፍረታቸው የተለያየ ብልቃጦች፣ ማለትም ባለ 30 ሚሊግራሙ ከሌሎቹ ጋር፣ በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀሉም። ሁለተኛ፣ መጠኑ የሚታዘዘው በክብደት ነው። ልጅ ያድጋል፤ ባለፈው ዓመት የታዘዘለት ዘንድሮ ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ ክትትል በሄድን ቁጥር ሚዛን ላይ መውጣቱን እናረጋግጣለን።

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ቤት

መርፌ መውጋት የተማርነው ሆስፒታል ውስጥ፣ በነርስ ፊት፣ ደጋግመን በመሥራት ነው። ያለ ሥልጠና ማንም ቤቱ አይጀምረው። የሚከተለው እንዴት እንደምንሠራ የሚያሳይ እንጂ ሥልጠናውን የሚተካ አይደለም።

ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥተን 15 ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ እናቆየዋለን። ሙቅ ውኃ ውስጥ አንነክረውም፣ ፀሐይ ላይ አናሰጣውም። እስከዚያ ጠረጴዛው ይጠረጋል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን እናያለን። ፈሳሹ ቀለም የሌለው ወይም በጥቂቱ ቢጫ መሆን አለበት። ከደፈረሰ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ካለበት ወይም ቀኑ ካለፈ አይሰጥም።

የብልቃጡን ጎማ በአልኮል ጠርገን በመቅጃው መርፌ እንቀዳለን። ከዚያ መቅጃውን አውልቀን አጭሩንና ቀጭኑን መውጊያ እንገጥማለን። የመቅጃው መርፌ ወፍራም ስለሆነ ቆዳ አይወጋበትም። የተቀዳው ወዲያውኑ ይሰጣል፤ ብልቃጡ ውስጥ የተረፈው ለሌላ ቀን አይቀመጥም።

ቦታውን የሚመርጠው ልጄ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ራሱን ባይወጋም ተራውን ያውቃል። «ዛሬ የግራ ጭን ነው፣ ባለፈው የቀኝ ነበር» ይላል። ጭን፣ ከእምብርት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሆድ፣ ሌላ ሰው ሲወጋ ደግሞ የክንድ ላይኛው ውጭ ክፍል ይፈቀዳል። የበለዘ፣ የቀላ፣ ጠባሳ ወይም ማርያም የሳመችው ቦታ አይወጋም። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገን ይዘን ቀስ ብለን እንሰጣለን። ሲወጣ በጥጥ ጫን እናደርጋለን እንጂ አናሽም።

ያገለገለውን መርፌ መልሰን አንከድነውም፤ ያን ጊዜ ራስን መውጋት ቀላል ነው። ክዳን ባለው ጠንካራ ባዶ የበረኪና ጀሪካን ውስጥ እንጥለዋለን፤ ከመሙላቱ በፊት ወደ ሆስፒታሉ እንመልሰዋለን። ቆሻሻ የምትሰበስብልን ልጅም የሰው ልጅ ናት፤ እጇ መወጋት የለበትም።

በመጨረሻ ቀኑን፣ ቦታውን፣ መጠኑንና ብልቃጡ ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥር ደብተር ላይ እንጽፋለን።

«ደሙ ደህና ነው» የተባልንበት ቀን

ልጃችን የሚበላበትን ጥርስ ሲያመው አቅራቢያችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ሄሞፊሊያ እንዳለበት ነገርን። እነሱም በጥንቃቄ፣ ከመንቀል በፊት የደም መርጋት ምርመራ አዘዙ። ውጤቱ ሲመጣ «ደሙ ደህና ነው፤ ሄሞፊሊያ አለበት ያላችሁ ማን ነው? መንቀል ይቻላል» አሉን።

ለአንድ አፍታ ልቤ ዘለለ። የትኛዋ እናት ናት ይህን መስማት የማትመኝ? ግን ስልጠናው ላይ የተነገረንን አስታውሼ ሲስተር ጋ ደወልኩ። ኤፒቲቲ የሚባለው የተለመደ ምርመራ ኤሚሲዙማብ በሚወስድ ሰው ላይ ያሳስታል። መድኃኒቱ በምርመራው ቱቦ ውስጥ ደሙን በፍጥነት ስለሚያረጋው ውጤቱ ከጤነኛ ሰው ጋር ይመሳሰላል። በልጁ ሰውነት ውስጥ ግን ፋክተር 8 አሁንም የለም። ይህ ማሳሳት መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል።

ክሊኒኩ አልሰነፈም፤ ደንቡን ጠብቆ ነው የሠራው። መድኃኒቱ አዲስ ነው። ጥርሱ በኋላ የተነቀለው በሄሞፊሊያ ሐኪሙ ዕቅድና ዝግጅት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በልጃችን ቦርሳና በስልካችን ውስጥ አጭር ካርድ አለ፦ «ሄሞፊሊያ ኤ፣ ከባድ። ኤሚሲዙማብ ይወስዳል። የተለመደው የደም መርጋት ምርመራ በዚህ ልጅ ላይ አያስተማምንም። ሐኪሙ ጋ ይደውሉ።»

መርፌው የማይሠራው ሥራ

ኤሚሲዙማብ መድማትን ይከላከላል እንጂ የጀመረን መድማት አያቆምም። ልጁ ወድቆ ጉልበቱ ካበጠ ፍሪጅ ያለውን መርፌ መጨመር መልስ አይደለም። መገጣጠሚያው ውስጥ መሞቅ፣ መወጠር፣ አለማጠፍ ወይም ያልተለመደ ማነከስ ካየን ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ እዚያ የሚያስፈልገው ፋክተር 8 ይሰጠዋል። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን ምልክት አንጠብቅም። ደህና ቢመስልም፣ ቢስቅም፣ ወዲያው እንሄዳለን።

ፋክተር 8ን ሰውነታቸው የሚቃወምባቸው ልጆች ወላጆች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ለእነሱ መድማት ከሚሰጡት አማራጭ መድኃኒቶች አንዱ፣ ፋይባ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከኤሚሲዙማብ ጋር በብዛት ሲሰጥ አደገኛ የደም መርጋት አስከትሏል። ስለዚህ ማንኛውም ድንገተኛ ክፍል መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ልጁ ኤሚሲዙማብ እንደሚወስድ ይነገረው። የእግር ወይም የክንድ ማበጥና ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የማየት ችግር ያለበት ራስ ምታት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መቀነስ ከታየ ነገ አይባልም።

ቤተሰቡ ሁሉ ይማር

ደህንነት የሚጠበቀው በሚወጋው ሰው ብቻ አይደለም። ልጃችን ትኩሳት ይዞት በነበረ ጊዜ ሠራተኛችን አዝና ከሰፈር ፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ልታመጣለት ነበር። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የደም መርጋትን ስለሚያዳክሙ ለእሱ አይሰጡም። ፓራሲታሞል ይሆናል። በክሊኒኮች በብዛት የሚሰጠው የመቀመጫ መርፌ ጡንቻ ውስጥ ሊያደማው ይችላል፤ ክትባትም ቢሆን ሐኪሙ ባወቀው መንገድ ይሰጣል። ይህን ለመምህሩ፣ ለሰርቪሱ ሹፌር፣ ለአያቱና ለሠራተኛችን በየተራ ነግረናል። «ተሰባሪ ነው አትንኩት» ብለን ግን አላሳደግነውም። ይዋኛል፣ ይማራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል።

ፍሪጁ በር ላይ የለጠፍነው

• ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ፍሪዘር በፍጹም! በረዶ ከሠራ አይሰጥም።
• መብራት ሲጠፋ፦ ፍሪጁን አትክፈቱ፣ ካርቶኑን አታንሱ፣ ሰዓቱን ጻፉ።
• ከፍሪጅ ውጭ፦ ከ30 ዲግሪ በታች፣ ተደምሮ ከ7 ቀን ያልበለጠ።
• ከመቅዳት በፊት ሦስቱን ቁጥሮች ሁለት ሰው ያንብብ።
• ካመለጠ ቶሎ ይሰጥ፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ግን አይሰጥም።
• ጭንቅላት ከተመታ፦ ወዲያው ሆስፒታል።
• ለማንኛውም ሐኪም መጀመሪያ የሚነገር፦ «ሄሞፊሊያ ኤ፣ ኤሚሲዙማብ ይወስዳል።»

የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 9 ቀን ይታሰባል። ዘንድሮ በዚያ ሰሞን፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር።

«መብራት ጠፍቷል። ፍሪጁን አልከፈትኩም። ከአምስት ሰዓት ከሩብ ብዬ ጽፌአለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ማታ ስገባ ወረቀቱን አየሁት። መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ቴርሞሜትሩ ላይ ያነበበችው ቁጥር፣ ሁሉም በእናቴ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል። ካርቶኑ ከመደርደሪያው አልተነቃነቀም። ቅዳሜ ጠዋት የቀኝ ጭን ተራ ነበር።